ከጦር ኃይሎች በፊት፦ ልዕልቷ፣ አዋላጆቹና የዳሌ አጥንት

ራጅና አድዋ እኩዮች ናቸው። ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመኗ ቩርዝቡርግ ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ጣልያን አድዋ ላይ ድል ተመታ። ዓመቱ ሳያልቅ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል ወታደራዊ ሐኪም ናፖሊ ውስጥ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንስቶ ጥይቱ የት እንደተቀበረ አየ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ መዋሉ በታሪክ የተመዘገበው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የማሽኑን ወታደራዊ ታሪክ ያስጀመረው የአያቶቻችን ጥይት ነው ማለት ነው። ለተለማማጆቼ ይህን ሳወራላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ጡረታ የወጣሁ የራጅ ባለሙያ ነኝ፤ ቤቴም ጦር ኃይሎች ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሆስፒታሉ ነው፤ የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ሲጠራው ይውላል፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት የሚመጣው ባቡርም መጨረሻው እዚሁ ነው። ስሙን የሚሰማ ሰው ወታደርና ቁስለኛ ቢታየው አይፈረድበትም። ነገር ግን የግቢው የመጀመሪያ ታሪክ የወላድ ታሪክ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ ነበር፤ ያውም ስመ ጥር በሆነው የለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ ጄኔራል አቢይ አበበን አገባች፤ ባሏ ወለጋን ሲያስተዳድር አብራው ወደ ነቀምቴ ሄደች። እዚያው ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ሳቢያ አረፈች። የንጉሥ ልጅ፣ የሠለጠነች ነርስ፣ የአገረ ገዥ ሚስት ሆና ከወሊድ ካልተረፈች፣ ያኔ በየገጠሩ ምጥ የተያዘችው ሴት ዕጣ ምን እንደነበር አስቡት። “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” የሚለው ምርቃታችን እንዲሁ ለወግ የሚባል አልነበረም።

ለመታሰቢያዋ ሆስፒታል ይሠራ ተባለ። ገንዘቡን በእንግሊዝ አገር ስትለምን የኖረችው በጣልያን ወረራ ጊዜ በጋዜጣዋ ስለ ኢትዮጵያ የጮኸችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተቀይሮ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ፣ ወደ ዳሌ አጥንት ልምጣ። ዳሌ በግራና በቀኝ ካሉ ሁለት አጥንቶች፣ ከኋላ ደግሞ ከወገብ በታች ካለው ሦስት ማዕዘን አጥንትና ከጭራ አጥንት ተገጣጥሞ የተሠራ ቀለበት ነው። እንደ ገንቦ አፍ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ሲሰነጠቅ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በፊልሙ ላይ አንድ ስብራት ካገኘሁ ሁለተኛውን እፈልጋለሁ። ዳሌ ስናነሳ ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ሁለቱን እግሮች 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ አዙረን የእግር አውራ ጣቶቹን እናገናኛለን። ይህ ካልተደረገ የጭን አጥንት አንገት አጥሮ ስለሚታይ ስብራቱ ያመልጣል። የተጎዳ ሰው እግሩ ሲዞር ይጮኻል፤ ስብራት የተጠረጠረበትን ግን አናዞርም። ጀማሪ ባለሙያ ይህን ይረሳዋል።

ወታደር ሲመታ ጭንቀታችን አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ስለሚፈሰው ደም ነው። ለወላድ ግን ጥያቄው የቀለበቱ ስፋት ነው። የሴት ዳሌ መግቢያው ከፊት ወደ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን 13 ገደማ ነው። መሐል ላይ ሁለቱ የአጥንት ሹሎች በሚቀራረቡበት 10.5 ያህል ይሆናል። የሕፃኑ ራስ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን 9.5 ገደማ ነው። ትርፉ የጣት ውፍረት ነው። ልጅነቷ በምግብ እጥረት ያለፈ ወይም አጥንቷ አድጎ ሳይጨርስ ያረገዘች ልጅ ይህችም ትርፍ ላትኖራት ትችላለች። ያኔ የሕፃኑ ራስ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ የሽንት ፊኛዋን ከፊተኛው የዳሌ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም ሳይደርሰው ለቀናት የቆየ ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ይረግፍና ቀዳዳ ይሆናል። ፊስቱላ ይህ ነው። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ እናቲቱ ሽንቷ ሳይቋረጥ ይፈሳል፤ ብዙ ጊዜም ባሏ ይፈታታል፣ ቤተሰቧም ያርቃታል።

በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ናቸው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ማስታወቂያ አይተው የሦስት ዓመት ውል ፈርመው ነበር የመጡት። ሦስቱ ዓመት ዕድሜ ልክ ሆነ። በአገራቸው ፊስቱላ ከመጽሐፍ በቀር የማይታይ ነገር ሆኖ ነበር፤ እዚህ ግን ሴቶቹ ከየገጠሩ በእግርም በአውቶቡስም እየመጡ በር ላይ ያድሩ ጀመር።

እዚህ ላይ የሙያዬን ጉዳይ ሳልሸሽ ላንሳ። ዳሌን በራጅ መለካት ሮንትገን ካገኘው ብዙም ሳይቆይ ፓሪስ ላይ ተሞክሮ ነበር፤ በኋላም በአውሮፓና በአሜሪካ ነፍሰ ጡርን ራጅ ማንሳት የዘወትር ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በማህፀን ሳሉ ራጅ የተነሡ ልጆች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እንደሚበልጥ አሳየች፤ ለዓመታትም ብዙዎች አላመኗትም። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ግላስጎው ላይ ኢያን ዶናልድ አልትራሳውንድን ለነፍሰ ጡር ምርመራ አስተዋወቀ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም የዳሌ ራጅ ቀዶ ሕክምናን እንዳበዛ እንጂ እናትንም ልጅንም እንዳልጠቀመ ገልጸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፊልሙ አጥንትን ያሳያል እንጂ የሕፃኑ ራስ በምጥ ጊዜ እንዴት እንደሚጎነብስና ቅርጹን እንደሚለውጥ፣ የዳሌው መጋጠሚያዎችም ምን ያህል እንደሚላሉ አይናገርም።

የዳሌው ጥበት የሚታወቀው በምጡ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በሮዴዥያ አንዲት አዋላጅ ብቻዋን ባለችበት ጣቢያ የምትጠቀምበት ወረቀት አወጡ፤ የማህፀን በር በሰዓት ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ካልከፈተ መስመሩ ያስጠነቅቃት ነበር፣ ወላዷንም ወደ ሆስፒታል ትልክ ነበር። እርሳስ፣ ወረቀትና ሰዓት ከእኔ ማሽን የበለጠ ወላድ አድነዋል። ሙያዬን አሳነስኩ የሚለኝ ካለ ይበል።

ሃምሊኖቹ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሳሉ ከተቀበሏቸው ታካሚዎች አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከገጠር የመጣች፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ልጅ። ታክማ ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ አልጋ እያነጠፈች፣ ከዚያም በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ እያቀበለች፣ በመጨረሻ ራሷ ቢላ ይዛ ለሌሎች ፊስቱላ መጠገን ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ያ ግቢ ካፈራቸው ሰዎች ሁሉ ለእኔ የምትበልጠው እሷ ናት።

ሃምሊኖቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከገጠር የመጡ ሴቶችን አስተምሮ ወደ ገጠር ይመልሳል፤ ሃምሊኖቹ የመጡበት ሥራ በመጨረሻ ሥር የያዘው በእሱ ነው።

በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የተማሩ ነርሶችና አዋላጆች ዛሬ ጥቂቶች ናቸው፤ ያሉትም በዕድሜ ገፍተዋል። እናትዎ ወይም አክስትዎ ከእነሱ አንዷ ከሆኑ ዲፕሎማቸውን፣ የምረቃ ፎቶግራፋቸውንና ደብተራቸውን አይጣሉባቸው። ወደ ወመዘክር ይውሰዱት፤ ከመውሰድዎ በፊት ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያስነግሯቸው፣ ይቅረጿቸውም።