ተግሣጽን የተቀበለ ንጉሥ

ሰው የባልንጀራውን ፊት በዓይኑ ያያል፤ የራሱን ፊት ግን ያለ መስተዋት ማየት አይችልም። የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው። የሌላው ስሕተት ከሩቅ የሚታየው ሰው የራሱን ስሕተት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሲነግረው ነው። ስለዚህ በክርስትና ሕይወት በእውነት የሚገሥጽ ወዳጅ ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው፤ ተግሣጹንም ያለ ቂም መቀበል ከዚያ የሚበልጥ ሀብት ነው። ይህ ነገር ለሰው ሁሉ ቢከብድም ለባለሥልጣን ይልቁን ይከብዳል። ድኃን የሚገሥጸው ብዙ ነውና፤ ባለሥልጣንን ግን የሚያመሰግነው እንጂ የሚገሥጸው ጥቂት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በሮም ንጉሠ ነገሥት በቴዎዶስዮስና በሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ በአምብሮስዮስ መካከል የሆነው ታሪክ ይህን አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተነገረ ነው።

ቴዎዶስዮስ በ347 ዓ.ም. በእስፓንያ ተወለደ። አባቱም በስሙ ቴዎዶስዮስ ይባል ነበር፤ እርሱም ስመ ጥሩ የጦር አለቃ ሆኖ ሳለ በ376 ዓ.ም. ገደማ በካርታጎ ከተማ በመንግሥት ትእዛዝ ተገደለ። ልጁን ግን በ379 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ግራትያኖስ ጠርቶ በምሥራቁ ክፍል ላይ አነገሠው። በ380 ዓ.ም. በተሰሎንቄ ሳለ ጽኑ ሕመም ስለ ታመመ በዚያች ከተማ ኤጲስ ቆጶስ በአኮልዮስ እጅ ተጠመቀ። በማግሥቱ ዓመት በ381 ዓ.ም. 150 አባቶች የተቀመጡበትን የቍስጥንጥንያን ጉባኤ የጠራ እርሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያንን የሚጠላ ንጉሥ አልነበረም፤ በሃይማኖቱም የሚጠረጠር አልነበረም። ነገር ግን ቁጣው ፈጣን ነበረ። ቁጣውም እንደ ፈጠነ ምሕረቱም ይፈጥን ነበር፤ መካከሉ ላይ የሚናገረው ሰው ካገኘ ይመለሳል፥ ካላገኘ ግን ቁጣው ቀድሞ ይሄዳል።

አምብሮስዮስ ደግሞ አስቀድሞ የመንግሥት ሹም ነበረ። በ374 ዓ.ም. የሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ በሞተ ጊዜ ኦርቶዶክሳውያንና አርዮሳውያን ስለ ምርጫው ስለ ተጣሉ፥ አገረ ገዥው አምብሮስዮስ ጸጥታ ሊያስከብር ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ እርሱን ኤጲስ ቆጶስ ይሁንልን አለ። እርሱ ግን በዚያን ጊዜ ገና ያልተጠመቀ ንኡሰ ክርስቲያን ነበረ። ብዙ ሊሸሽ ከሞከረ በኋላ ተጠመቀ፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ተሾመ። የቤተ መንግሥትን ወግና የባለሟሎችን ጠባይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበርና ከነገሥታት ጋር ሲነጋገር ፍርሃት አልያዘውም።

የቴዎዶስዮስ ጠባይ በ387 ዓ.ም. በአንጾኪያ ታይቷል። የከተማው ሰዎች አዲስ ግብር በተጣለባቸው ጊዜ ተቈጥተው የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ምስል ከመቆሚያው አውርደው ሰባበሩት። ይህም በሮም ሕግ ንጉሡን ራሱን እንደ መምታት ይቈጠር ስለ ነበረ ከተማይቱ በሞት ፍርሃት ተያዘች። በዚያን ጊዜ ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ ዕድሜውና የመንገዱ ርቀት ሳያግደው ወደ ቍስጥንጥንያ ገሥግሦ ንጉሡን ለመነ፤ ገና ቄስ የነበረው ዮሐንስ አፈ ወርቅም በከተማው ቀርቶ ሕዝቡን እየሰበከ አጽናና። ንጉሡም የሽማግሌውን ቃል ሰምቶ ማረ። አንጾኪያ የዳነችው የሚናገር አፍና የሚሰማ ጆሮ በጊዜው ስለ ተገናኙ ነው።

አምብሮስዮስም ቢሆን ሰው ነበረና ተግሣጹ ሁልጊዜ ያለ ነቀፋ አልነበረም። በ388 ዓ.ም. በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ባለችው በቃሊኒቆስ ከተማ፥ ይኸውም ዛሬ በሶርያ ራቃ በምትባለው፥ ክርስቲያኖች በኤጲስ ቆጶሳቸው ቀስቃሽነት የአይሁድን ምኵራብ አቃጠሉ። ንጉሡም ኤጲስ ቆጶሱ ምኵራቡን በገንዘቡ መልሶ እንዲያሠራ ፈረደ። አምብሮስዮስ ግን ይህ ፍርድ ቤተ ክርስቲያንን ያዋርዳል ብሎ ጻፈ፤ ኋላም ንጉሡ ባለበት ሰብኮ፥ ፍርዱን ለመተው ቃል እስኪገባለት ድረስ መሥዋዕቱን አልጀምርም አለ። ንጉሡም ተወ። ዛሬ ታሪኩን በቅን ልብ የሚመረምር ሰው የንጉሡ የፊተኛው ፍርድ ትክክል እንደ ነበረ፥ የጸሎት ቤታቸው የተቃጠለባቸውም ሰዎች ፍትሕ እንዳጡ አይክድም። ገሣጭ ሁሉ ያለ ስሕተት፥ ተግሣጽም ሁሉ እውነት አይደለምና ይህን መሸሸግ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ የምክር ቤቱ ምሥጢር ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ጆሮ ይደርሳል ብሎ ተቈጣ፤ በሩም ተዘጋ። አምብሮስዮስ ኋላ በጻፈው ደብዳቤ፥ በቤተ መንግሥቱ ካሉት ሁሉ እርሱ ብቻ የመስማት መብት እንደ ተነፈገ አመልክቷል። የሚቀጥለው ጥፋት የደረሰው በሩ በተዘጋበት ወራት እንደ ነበረ አንባቢው ያስተውል።

በ390 ዓ.ም. በተሰሎንቄ የተቀመጠው የጦር አለቃ ቡቴሪክ የሚባል የጎት ወገን ነበረ። ሕዝቡ እጅግ የሚወደውን አንድ የሠረገላ ነጂ ስለ ነውር ሥራው አሰረው። የእሽቅድምድሙ ቀን በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ነጂው ይፈታልን አለ፤ ቡቴሪክም እንቢ ባለ ጊዜ ሁከት ተነሥቶ እርሱ ተገደለ። ወሬው በሚላኖ ለነበረው ንጉሥ ደረሰ። አምብሮስዮስ ደጋግሞ ለመነው፤ የአምብሮስዮስን ሕይወት የጻፈው ጳውሊኖስ እንደሚለው ንጉሡ ከተማይቱን ለመማር ቃል ገብቶ ነበር። ነገር ግን ባለሟሎቹ ኤጲስ ቆጶሱ ሳያውቅ ገብተው መከሩትና የቅጣቱ ትእዛዝ ወጣ። ጥቂት ቈይቶ የንጉሡ ልብ ተመለሰ፤ የፊተኛውንም ትእዛዝ ሻረ። ዳሩ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የሽረቱ ቃል ሳይደርስ ነገሩ አልቆ ነበረ።

ሕዝቡ በእሽቅድምድሙ ሜዳ ተሰብስቦ ሳለ ወታደሮች ከበቡት። በደለኛውና ንጹሑ፥ የከተማው ተወላጅና መንገደኛው ሳይለይ በሰይፍ ወደቀ። የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ የሞቱት 7000 ነበሩ ይላል፤ እርሱ የጻፈው ግን ነገሩ ከሆነ 60 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ሌላው ጸሐፊ ሶዞሜኖስ ደግሞ ስለ አንድ ነጋዴ ይናገራል። ሁለት ልጆቹ በተያዙ ጊዜ ነጋዴው በእነርሱ ፈንታ እኔን ግደሉኝ፥ ወርቄንም ውሰዱ ብሎ ለመነ። ወታደሮቹ የታዘዙት ቍጥር እንዳይጐድልባቸው ፈርተው፥ አንዱን ምረጥና እርሱን እንተውልህ አሉት። አባት ግን ከሁለቱ ማንን እንደሚመርጥ አጥቶ ወደ አንዱ ሲመለከት፥ ወደ ሌላውም ሲያለቅስ፥ ሁለቱም በፊቱ ታረዱ። ይህች ከተማ ንጉሡ ከ10 ዓመት በፊት የተጠመቀባት ከተማ ናት።

ወሬው ሚላኖ በደረሰ ጊዜ አምብሮስዮስ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ እንደ ባለሟሎቹ ዝም ማለት ነው፤ ሁለተኛው በአደባባይ ቆሞ ንጉሡን መንቀፍ ነው። እርሱ ግን ሁለቱንም ተወ። ሕመም ነበረበትና ይህን ምክንያት አድርጎ ንጉሡ ሳይመለስ ከከተማው ወጣ፤ ከዚያም ደብዳቤ ጻፈ። ሌላ ሰው እንዳያነብበው፥ ለጸሐፊም ሳያስጽፍ፥ በገዛ እጁ ጻፈው። በዚህም ደብዳቤ በተሰሎንቄ የተደረገው ነገር ከዚያ በፊት እንዳልተሰማ ገለጸ፤ ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት እንደ ሄደና ዳዊት በደሉን እንዳመነ አሳሰበው። ንጉሡ ኀጢአት ቢሠራ የሚያስደንቅ አይደለም፥ ኀጢአቱን ባያምን ግን ያስደነግጣል የሚል ነበረ የነገሩ ፍሬ። እንደሚወደውና እንደሚጸልይለትም ነገረው። በመጨረሻም ንስሓ ሳይገባ በፊቱ መሥዋዕት ማቅረብ እንደማይችል በግልጥ አስታወቀው።

ይህን ደብዳቤ የተቀበለው ሰው በዓለሙ ሁሉ የሚያስፈራ ኃይል ነበረው። ኤጲስ ቆጶሱን ማጋዝ ይችል ነበር። ሕዝቡ አለቃዬን ስለ ገደለ ቀጣሁ ብሎ መከራከር ይችል ነበር። ይልቁንም የቃሊኒቆስን ነገር አንሥቶ፥ ለተቃጠለው ምኵራብ ፍርድ የከለከልህ አንተ ዛሬ ለተሰሎንቄ ፍርድ ትሻለህን ሊለው ይችል ነበር፤ ይህም መልስ ሙግት ያቆም ነበር። እርሱ ግን ትናንት የተሳሳተ ሰው ዛሬ እውነት እንደ ተናገረ አስተዋለ፤ ነገሩን በተናጋሪው ሳይሆን በራሱ መዘነው። እውነት ሆኖ ስላገኘውም ተቀበለ።

በዚያ ዘመን የአደባባይ ንስሓ ቀላል ነገር አልነበረም። ንስሓ የገባው ሰው ከቍርባን ተለይቶ ከንስሓ ገቢዎች ጋር ይቆም ነበር፤ ኀፍረቱም በሁሉ ፊት ነው። ቴዎዶስዮስ የመንግሥቱን ልብስ አውልቆ በቤተ ክርስቲያን በሕዝቡ ፊት አለቀሰ። ይህን አምብሮስዮስ ራሱ መስክሯል፤ በ387 ዓ.ም. በአምብሮስዮስ እጅ የተጠመቀው አውግስጢኖስም የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ ጠቅሶታል። ኤጲስ ቆጶሱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ንጉሡን እንደ መለሰው የሚነገረው ትርክት ግን ከቴዎዶሪጦስ የመጣ ነው፤ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ሥለውታል። የቀደመው ምስክር የሚያሳየው ግን የደጃፍ ጠብ ሳይሆን የምሥጢር ደብዳቤ ነው። ንጉሡ በዚያው ዓመት በልደት በዓል ከምእመናን ጋር ወደ ቍርባን እንደ ተመለሰ ይነገራል።

ከዚህ ታሪክ ጋር አንድ ሕግ ይያያዛል። ንጉሡ በቁጣ ከባድ ቅጣት ቢፈርድ ፍርዱ 30 ቀን ሳይፈጸም እንዲቈይ የሚያዝዝ ነው። በ438 ዓ.ም. በልጅ ልጁ ዘመን በወጣው የሕግ መጽሐፍ የዚህ ሕግ ዘመን 382 ዓ.ም. ተብሎ ስለ ተጻፈ ሊቃውንት በዘመኑ ይከራከራሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከተሰሎንቄ ንስሓ ጋር ያገናኙታል። የሕጉ አሳብ የታወቀ ነው፤ ቁጣ ሲበርድ አእምሮ እንዲመለስ፥ ተግሣጽም የሚገባበት ቀን እንዲያገኝ ነው።

ቴዎዶሪጦስ ሌላም ነገር ይተርካል። ንጉሡ መባውን ካቀረበ በኋላ በመቅደሱ ውስጥ ቈየ። አምብሮስዮስም በዲያቆን ልኮ ይህ ስፍራ የካህናት ብቻ እንደ ሆነ አስታወቀው። ንጉሡ በትዕቢት እንዳላደረገው፥ በቍስጥንጥንያ ልማዱ እንዲህ ስለ ነበረ እንደ ሆነ ተናግሮ አመሰገነና ወጣ። ወደ ቍስጥንጥንያም በተመለሰ ጊዜ ማንም ሳይነግረው ከመቅደሱ ውጭ ቆመ፤ ሊቀ ጳጳሱ ንቅጣርዮስም ምክንያቱን ቢጠይቀው የንጉሥንና የካህንን ልዩነት ከአምብሮስዮስ እንደ ተማረ መለሰለት። በቃል ብቻ የተቀበለ ሰው ገሣጩ ሲርቅ ይረሳል፤ በልቡ የተቀበለ ግን ገሣጩ በሌለበት አገርም ይጠብቀዋል።

ቴዎዶስዮስ ጥር 17 ቀን 395 ዓ.ም. በሚላኖ ሞተ። በ40ኛው ቀን አምብሮስዮስ በሕዝቡና በንጉሡ ልጅ በሆኖርዮስ ፊት የኀዘን ስብከት አደረገ። ስለ ድል አድራጊነቱ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። እርሱ ግን ይህን ሰው የወደደው ከሚያቈላምጠው ይልቅ የሚገሥጸውን ስለሚያከብር እንደ ሆነ መሰከረ፤ ያንን ስሕተቱንም ሳያስብ የዋለበት ቀን እንዳልነበረ ተናገረ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ንጉሥ ላልሆነም ሰው ነው። አበው ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ በተሰሎንቄ ግን መከራው የመከረው ንጉሡን ሲሆን ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ንስሓው ለንጉሡ ነፍስ ረዳው እንጂ የነጋዴውን ልጆች አላስነሣም። ስለዚህ ተግሣጽን መቀበል የሚያምረው ከበደል በኋላ ብቻ አይደለም፤ ከበደል በፊት በሩን ክፍት ማድረግ ይሻላል። በኢትዮጵያ ክርስቲያን ሁሉ ነፍስ አባት እንዲኖረው የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ነፍስ አባቱን በበዓል ቀን ለግብዣ ብቻ የሚጠራ፥ ለምክር ግን የማይጠራ ሰው በሩን እንደ ዘጋ ይቈጠራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ የሚነግረው ሊመሰገን ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱ በመምህሩ ፊት እንዲታረም ነው። እርማትን የሸሸ ተማሪ ከኀፍረት አልዳነም፤ ኀፍረቱን ወደ ማኅሌት ቀን አስተላለፈው እንጂ።

ገሣጩም ቢሆን ከአምብሮስዮስ ደብዳቤ ይማር። እውነቱን ሳይቀንስ ጻፈ፥ ነገር ግን ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ ጻፈ። በገዛ ራሱ ላይ የሚመጣውን አደጋ ተቀበለ እንጂ የንጉሡን ኀፍረት አልፈለገም። ከቃሊኒቆስ ነገር ደግሞ የሚገሥጽ ሁሉ ራሱን ይመርምር፤ ለወገኑ ሲያደላ የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ እንዳይሆን። የሚገሠጸው ሰው ግን የገሣጩን ጕድለት መሸሸጊያ አያድርገው። መስተዋቱ ጥግ ላይ ቢሰነጠቅም በፊት ላይ ያለውን እድፍ ያሳያል። ልብ ያለው ልብ ይበል።