እንዶድና የፊኛ ካንሰር ምን አገናኛቸው?

መካነ ሰላም አካባቢ ያደጋችሁ እንዶድን ታውቁታላችሁ፤ ፍሬው ተወቅጦ ልብስ ይታጠብበታል። ከፊኛ ካንሰር ጋር ግን ምን አገናኘው?

በ1851 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር አንድ ትል አገኘ። የትሉ እንቁላል ፊኛ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ያቆስላል። ከዚያ ‹ስኩዌመስ› የተባለው ኃይለኛ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። በአገራችን ትሉ ያለው ደጋ ላይ ሳይሆን እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ቆላ ነው።

ሕክምናውስ? ለተለመደው የፊኛ ካንሰር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ እዚህ ላይ ብዙም አይሠራም። ዋናው መንገድ ፊኛውን ቆርጦ አውጥቶ፣ ከአንጀት ላይ በተወሰደ ቁራጭ ለሽንት ሌላ መውጫ መሥራት ነው። በእኛ በመሐንዲሶች አነጋገር ታንከሩን ነቅሎ ቧንቧውን እንደ አዲስ መዘርጋት ማለት ነው። ጨረርም አንዳንዴ ይታከልበታል።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። (እዚያ ያለው የአንጀቱ ቢልሃርዝያ ነው፤ የፊኛውም ቢሆን ያለ ቀንድ አውጣ ሰው ጋ አይደርስም።) ለዚህ ሥራ እሳቸውና ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

እንዶድ መጠጣት ግን ካንሰር አያድንም፣ ይመርዛል። ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፤ እሱም የተነሳ ካንሰርን አይመልስም። ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።