የሞስኮብ መስታወት

ጠጋኙ የፀጉር ማድረቂያዋን ብሎኖች ፈትቶ ለሁለት ከፈላት። ከሆዷ ውስጥ በመስቀል ቅርጽ የተገጣጠሙ ስስ ገበታዎች ወጡ፤ እንደ ሞላ የተጠማዘዘ ሽቦ ዙሪያቸውን ተጠምጥሞባቸዋል። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል። የገበታውን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ቅርፍት ተነሥቶ ጣቱ ላይ ቀረ።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ ይሄ አይቃጠልም» አለኝ በጅግጅጋ አማርኛ። «አይነዝርም። ሽቦው ይሞታል እንጂ እሱ አይሞትም።»

ያለነው ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ነው። እዚህ «አይቃጠልም» የሚለው ቃል እንደ ዋዛ አይነገርም። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው የተነሣው እሳት ገበያውን ሲበላ አደረ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆችና መደቦች ወደሙ፤ 28 ሰዎች ተጎዱ። የእሳት አደጋ መኪኖች በሱቆቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠቧቸው ተቸገሩ። የቀረው አመድና የተጨማደደ ቆርቆሮ ነበር።

የገበታውን ስም ስጠይቀው «ሚካ» አለኝ፤ የኛም ጠጋኞች እንዲሁ ነው የሚሉት። ሚካ ግን የአንድ ድንጋይ ስም አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው። ጥቁር አለው፣ ቡናማ አለው። በብዛት የሚገኘውና ብርሃን የሚያሳልፈው ነጣ ያለው ወንድማቸው በሳይንስ «ሙስኮቫይት» ይባላል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ስም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አያቶቻችን ሩሲያን ሲጠሩበት የነበረው ያው «ሞስኮብ» ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሐረርና አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ ሲያክሙ ሰዉ ያወቃቸው ሞስኮብ ብሎ ነው። ዐረቦችም ቃሉን አልጣሉትም፤ ኢየሩሳሌም ያለውን የሩሲያውያን ግቢ ዛሬም «መስኮቢያ» ይሉታል። የኛ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በእግር ጥቂት መንገድ ናት።

ሞስኮብ ከድንጋይ ጋር እንዴት ተገናኘ? እ.ኤ.አ. በ1553 ሪቻርድ ቻንስለር የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ሰው ወደ ቻይና የሚያደርስ የሰሜን መንገድ ፍለጋ ወጥቶ፣ ነጭ ባሕር ላይ ደርሶ ከዚያ በየብስ ሞስኮ ገባ። ከዛር ኢቫን ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ የሞስኮብ ኩባንያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ከሄዱት እንግሊዞች አንዱ የንግሥት ኤልሳቤጥ መልእክተኛ ጃይልስ ፍሌቸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1591 ባሳተመው መጽሐፍ ሩሲያውያን «ስሉዳ» የሚሉትን ለስላሳ ድንጋይ እንዴት እየሰነጠቁ ለፋኖስ እንደሚያውሉት ጽፏል። በዚያ ዘመን ፋኖስ የሚሸፈነው በመስታወት ወይም ተፍቆ በሳሳ ቀንድ ነበር። መስታወት ይሰበራል፣ ቀንድ ይቃጠላል፤ ስሉዳ ሁለቱም አይነካውም። ጠጋኙ በዋሄን የነገረኝ ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነው።

ፍሌቸር ድንጋዩ የሚወጣበትንም ቦታ ጽፏል፤ ካሬሊያና የድቪና ወንዝ አካባቢ፣ ሩቅ ሰሜን። ሞስኮ ከተማ የሚካ ጉድጓድ የላትም። እንግሊዝ ግን ዕቃው ከሞስኮብ ነጋዴ እጅ ስለመጣለት «የሞስኮብ መስታወት» አለው። አሜሪካዊው የማዕድን ሊቅ ጄምስ ድዋይት ዳና እ.ኤ.አ. በ1850 ለድንጋዩ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ ይኸንኑ የገበያ ስም አንሥቶ መጨረሻውን አስተካከለው፤ ሙስኮቫይት ሆነ። ሕንዶችና ቻይናውያን ድንጋዩን ዓይተው ነው የሰየሙት። በሕንድ ስሙ የመጣው ከደመና ነው፣ በቻይንኛ ደግሞ «የደመና እናት» ነው። እኔን ካላችሁኝ የነሱ ይሻላል።

የሐረር ቡና ላይም የደረሰው ይህ አይደል? ቡናው ከሐረር ደጋ ተለቅሞ፣ በግመል ዘይላና በርበራ ወርዶ ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። ፈረንጅ ያወቀው ግን የየመኑን ወደብ ሞካን ነው። ዛሬም «ሞካ ሐረር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጆንያ ይጫናል። ላቡ የገበሬው፣ ስሙ የወደቡ።

ሞስኮብ ራሱ ለድንጋይ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጠረፍም ስም ሊያወጣለት ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 መጀመሪያ ኒኮላይ አሺኖቭ የተባለ ጀብደኛ ከ150 በላይ ሰዎች አስከትሎ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳጋሎ በሚባል አሮጌ ምሽግ ሰፈረ፤ ቦታውንም «አዲሲቱ ሞስኮ» አለው። በወሩ ገደማ የፈረንሳይ መርከቦች በመድፍ ደብድበው ሰፈሩን በተኑት። ያ ስም ገበያ አላገኘም።

ወደ ጣቴ ልመለስ፤ ቅርፍቱ ወደ እኔ ተላልፏል። ሙስኮቫይት ሉሕ በሉሕ እንደ እንጀራ የተደራረበ ድንጋይ ነው። ሉሖቹ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን አጥብቀው የተያያዙባቸው ናቸው። በአንዱ ሉሕና በሌላው መካከል ያለው ፖታሲየም ግን አያያዙ የላላ ነው። ስለዚህ በቢላ ጫፍ ስትነካው በዚያው ይላቀቃል፣ የፈለግከውን ያህል ስስ አድርገህ ትገነጥለዋለህ። ታጥፈዋለህ፤ ስትለቀው ይመለሳል። ጥፍር ሊጭረው ምንም አይቀረውም፤ ኤሌክትሪክ ግን አያልፈውም። እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ሙቀት ከቁብ አይቆጥረውም፤ ከዚያ በጣም ካለፈ ግን በውስጡ ያሠረውን ውኃ ይለቅና ያብጣል፣ ይነጣል፣ ብርሃን ማሳለፉም ይቀራል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ለሬዲዮና ለአውሮፕላን ሞተር ሻማ እንደ ወርቅ የተፈለገው በዚህ ጠባዩ ነው። በካውያና በፀጉር ማድረቂያ ውስጥ ያለው ግን ሙሉ ሉሕ አይደለም። የሚካ ፍርፋሪ ተፈጭቶ፣ እንደ ወረቀት ተዘርግቶ፣ በሙጫ ተጋግሮ ነው የሚሠራው።

የሚገርመው ድንጋዩ እዚሁ ደጃፋችን መኖሩ ነው። ከሀርጌሳ ወደ ቦረማ ባለው የጥንት አለት ምድር ሚካ አለ። በኛም አገር ጉጂ፣ ቀንጢቻ፣ ታንታለም ሲወጣበት የቆየው አለት ሚካ የተሞላ ነው። ፈላጊው ግን የመጣው ለታንታለሙ ነው።

ጠጋኙ የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ በጉጠት ቆነጠጠው። ልጅነቱን የገፋው ጅግጅጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰቡ ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ከገቡት መካከል ነበር፤ አማርኛውም ከዚያ የተረፈ ነው። ማድረቂያዋን ገጥሞ ሰካት፤ ጮኸች፣ ሞቀች። ሒሳቡን ከፍዬ ስነሣ፣ ይህ ሚካ ከየት አገር እንደሚመጣ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። በሳጥን ካስቀመጣቸው መለዋወጫዎች አንዱን አንሥቶ አሳየኝ። እንዴት ይሄ ይጠፋሃል በሚል ዓይን አየኝና፣

«ይሄ? የዱባይ ነዋ!» አለኝ።