እናቴን የሚወጓት መርፌ ከአሳማ ነው ወይ? የሄፓሪን ታሪክ



ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎን፣ «ኡስታዝ፣ እናቴ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ሆስፒታል ተኝታለች። ሆዷ ላይ የሚወጓት መርፌ ከአሳማ ነው የሚል ነገር ፌስቡክ ላይ አየሁ። ላስቆመው ወይ?» አለን። «ጠይቀን እስክንነግርህ ምንም እንዳታስቆም» ብለን ላክነው። ከዚያ ሐኪም ወንድሞችን ጠየቅን፣ ያለንንም አገላበጥን። ያገኘነው ለእሱ ብቻ የሚቀር አልመሰለንም። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መድኃኒቱ ከሄፓሪን ወገን ነው። ሰው «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል እንጂ ደም አያቀጥንም። አላህ ደማችን ውስጥ መርጋትን የሚገታ አንቲትሮምቢን የሚባል ፕሮቲን አኑሯል፤ ሄፓሪን እሱን ያበረታዋል። እግር ላይ የረጋ ደም እንዲህ ካልተገታ ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋና ሊገድል ይችላል።

ታሪኩ በ1916 አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይጀምራል። ጄይ ማክሊን የሚባል የሕክምና ተማሪ፣ በመምህሩ ዊሊያም ሃዌል ሥር ሆኖ ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገር ያጠና ነበር። ከውሻ ጉበት ያወጣው ግን ተቃራኒውን ሠራ። ማክሊን ኋላ ላይ እንደተረከው፣ መምህሩ አላመነውም። ተማሪው የድመት ደም ውስጥ ያንን ነገር ጨምሮ መምህሩ ፊት አስቀመጠና «ሲረጋ ይንገሩኝ» አለው። ደሙ አልረጋም። ስሙም ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል ተወሰደ።

ለሰው ሕክምና እስኪውል 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው ቻርልስ ቤስት፣ ስቶክሆልም ላይ ኤሪክ ዮርፔስ ደከሙበት። ያኔ ቶሮንቶ ላይ የሚያጣሩት ከከብት ጉበትና ሳንባ ነበር። ይህን ልብ በሉት፤ መድኃኒቱ ከአሳማ ጋር አልተወለደም።

በ1937 የስዊድን ተመራማሪዎች ሄፓሪን ማስት ሴል በሚባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። እነዚህ ሴሎች ቆዳ፣ ሳንባና አንጀት ላይ ዘብ የቆሙ ናቸው፤ አለርጂ ሲነሳብን የሚያሳክከንን ሂስታሚን የሚለቁትም እነሱ ናቸው። የእኛም ሰውነት አለው። ሱብሓነላህ! የምንጨቃጨቅበት ነገር የራሳችን ዘበኛ ስንቅ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ አሳማው ከየት መጣ? ከቄራ። የአሳማ አንጀት በብዛትና በርካሽ ይገኝ ስለነበር ፋብሪካዎች ወደ እሱ ዞሩ። በ1990ዎቹ የእብድ ላም በሽታ ስጋት ሲመጣ የከብቱ ሄፓሪን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። ብራዚልና አርጀንቲና ግን ከከብት ማምረቱን አልተዉም።

መድኃኒቱ ጣጣም አለው። አንዳንድ ታማሚ ላይ ሄፓሪን ፕሌትሌት ከሚለቀው ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ያ ደግሞ ፕሌትሌቶችን ቀስቅሶ ደም ያረጋል። እንዳይረጋ የተሰጠው፣ አረጋው ማለት ነው! ሐኪሞች በሕክምናው ወቅት ፕሌትሌት የሚቆጥሩት ለዚህ ነው።

ወደ ፈትዋው እንምጣ። በመካ የራቢጣ የፊቅህ መጅሊስ በ2003 ይህንኑ ጉዳይ ለይቶ አይቶታል። በሕክምናው የሚተካው የተፈቀደ አማራጭ ከሌለ፣ ወይም አማራጩ ሕክምናውን የሚያራዝም ከሆነ፣ አዲሱን ባለ ዝቅተኛ ሞለኪውል ክብደት ሄፓሪን መጠቀም ይፈቀዳል ብሏል። ከሚያስፈልገው በላይ መስፋፋት ግን የለበትም። የሙስሊም አገራት ጤና ሚኒስትሮችም ከጤናማ ከብት እንዲመረት እንዲያደርጉ አሳስቧል። ይህ አደራ የእኛ ፋርማሲ ተማሪዎችም ጉዳይ ይመስለናል።

ፌስቡክ ላይ «አሳማ ያለባቸው መድኃኒቶች» እያሉ ዝርዝር የሚለጥፉ ወንድሞች ኒያቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን መርፌው ቢቋረጥ ታማሚው ምን እንደሚሆን ጽፈው አላየንም። ማንሳት የሚገባው ጥያቄ «ሌላ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል ከእንስሳ ያልወጣ፣ በላብራቶሪ የተሠራ መርፌ አለ፤ ለሁሉም ታማሚ ባይሆንም። ቫርፋሪን የሚባለው ኪኒንም ከአሳማ አይወጣም፤ ነገር ግን በደንብ መሥራት እስኪጀምር ቀናት ስለሚወስድ መጀመሪያ መርፌው ይቀድማል።

ወጣቱ ይህንኑ ይዞ ሐኪሟን ጠየቀ። ሆስፒታሉ ውስጥ ለጊዜው ሌላ አልነበረም፤ መርፌው ቀጠለ። ባለፈው ጁሙዓ አግኝተነው እናቱ ወደ ኪኒን መሸጋገሯን ነግሮናል።

ወላሁ አዕለም።