የቆየ የሶፍትዌር ሥሪት ድጋፍ ማቋረጥ

የድጋፍ ማቋረጥ ማለት አንድ የሶፍትዌር አዘጋጅ ለቆየ ሥሪት የደኅንነት ማሻሻያና የስህተት እርማት መስጠት የሚያቆምበት ውሳኔ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ድጋፉ ሲቋረጥ ወዲያው መሥራት አያቆምም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች ሳይደፈኑ ይቀራሉ። እንደ ዋትስአፕ ያሉ ከሰርቨር ጋር የሚገናኙ ፕሮግራሞች ግን ጭራሹን አገልግሎት ሊያቆሙ ይችላሉ።

የውሳኔው መመዘኛዎች

እያንዳንዱ ሥሪት ለብቻው መፈተሽና መጠገን ስላለበት፣ ብዙ ሥሪቶችን ይዞ መቆየት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ አዘጋጆች በቆየው ሥሪት የሚጠቀሙት ምን ያህል እንደሆኑ፣ ሥሪቱ የተመሠረተበት ሥርዓተ ክወና ራሱ ማሻሻያ ያገኝ እንደሆነና መሣሪያው አዲሱን ሥሪት መጫን ይችል እንደሆነ ያያሉ። የተጠቃሚ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። በዓለም ደረጃ ጥቂት የሚመስለው ድርሻ፣ ያገለገለ ስልክና ኮምፒውተር ለብዙ ዓመት በሚሠራበት አገር ከፍ ሊል ይችላል።

ምሳሌዎች

* ፓይተን 2፦ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲያበቃ ታቅዶ ነበር። ብዙ ፕሮግራሞች ወደ ፓይተን 3 ባለመዛወራቸው እስከ 2020 መጀመሪያ ተራዘመ።
* ዊንዶውስ 10፦ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ በደንብ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች መስፈርቱን አያሟሉም።

የግዕዝ ፊደልና የቆዩ ሥሪቶች

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ለመጻፍ ለብቻቸው የሚጫኑ ፕሮግራሞች ያስፈልጉ ነበር። ብዙዎቹም የግዕዝ ፊደላትን ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይታያል።

የኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014) ተቋርጧል። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ያሉት ቢሮ አሮጌውን ኮምፒውተር ከማስወገዱ በፊት ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይኖርበታል። አለዚያ ፋይሉ ሳይጠፋ ጽሑፉ የማይነበብ ይሆናል።