ቀድማ የተቆጠረችው

«በሽታውን ቤት ያስገባችው እሷ ናት።» ይህን ያልሰማ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። መገለልን ስናነሳ «የግንዛቤ ማነስ ነው» ብለን ማለፍ ለምደናል። እኔ ግን ጥፋቱ ከምርመራው ተራም ይጀምራል ባይ ነኝ።

ቫይረሱ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት ደግሞ በ1978። በ1980ዎቹ መግቢያ ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ በተደረጉ ጥናቶች የሴተኛ አዳሪዎችም፣ የከባድ መኪና ሹፌሮችም ደም ተመረመረ። በሕዝቡ አፍ የቀረው ግን የሹፌሩ ስም አልነበረም።

ከዚያ ተራው የነፍሰ ጡሮች ሆነ። በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ለቂጥኝ ምርመራ ከተቀዳው ደማቸው የተረፈው፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ለኤችአይቪ ይመረመር ነበር። ለዓመታት «የአገሪቱ ስርጭት ይህን ያህል ነው» ሲባል የሰማነው በዋናነት ከእነሱ ደም ተሰልቶ ነው። በየቤቱ እየተዞረ የወንዱም ደም በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰደው በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ውጤቱ ሴቶች 1.9፣ ወንዶች 0.9 በመቶ። አዎ፣ ሴቷ በቁጥር ትበልጣለች፤ ተፈጥሮዋም፣ ድህነትም፣ በዕድሜ ከሚበልጣት ወንድ ጋር መጋባቷም ያጋልጧታል። ብዙ መያዝና ማምጣት ግን ለየቅል ናቸው።

ቁጥሩስ ስም የለውም። ነፍሰ ጡሯ ውጤቷን በስሟ መስማት ስትጀምር ነው ነገሩ ቤት የገባው። ለክትትል ሄዳ ተመርምራ ትመለሳለች። ባልየው አልተመረመረም፤ ቀድማ ያወቀችው እሷ ስለሆነች ቀድማ የተያዘችውም እሷ ተደረገች። እሷ ነጻ ከሆነች ደግሞ «እኔም ነጻ ነኝ» ይላል፣ በሚስቱ ደም!

ከዚያ በኋላ ያለውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስኒዋ ለብቻ ይቀመጣል። አከራይዋ «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌው ነው» ይላል። እንጀራ ሸጣ የምታድር ከሆነች ደንበኛ ይጠፋል፤ ቫይረሱ በእንጀራ እንደማይተላለፍ እያወቀ የሚቀረው ሰው ብዛቱ! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትችል እናት ጡት እንዳታጠባ ይመከር ነበር። ምክሩ ለልጁ ታስቦ ነው፤ ግን በእኛ አገር አራስ ጡቷን ስትከለክል ጎረቤት ምን ብሎ ይጠይቃል? ጡጦው ምስጢሯን አወጣባት።

በ1990 ግድም እንደ ተስፋ ጎህና መቅድም ያሉ ማኅበራት ተመሥርተው ሰዎች ፊታቸውን እያሳዩ መናገር ጀመሩ። በ1997 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ዕድሜ ልክ መድኃኒት እንድትጀምር የተወሰነው በ2005 ነው። ይህ ብዙ ሕፃናትን አትርፏል። ለእናትየው ግን የሚደበቅ ብልቃጥ ጨመረ፤ እንዳይንኳኳ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ ጽሑፉ ይላጣል።

መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰች ሴት በግንኙነት እንደማታስተላልፍ ዛሬ በሳይንስ ተረጋግጧል። ለሰፈሩ ግን ይህን የነገረው የለም።

ዛሬም በክትትል ክፍሉ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ትባላለች። መልእክቱን ቤት ይዛ የምትገባው እሷው ናት።