የሚያፈስ ሮቶ፤ ከየት ያፈሳል? ማንስ ይጠግነዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ሮቶ እንደ አልጋና ቁም ሣጥን ሁሉ የቤት ዕቃ ሆኗል። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ጎራ ያለ ሰው በየሕንፃው ሥር የተደረደሩትን ሮቶዎች ሳያይ አያልፍም። ከከተማዋ ዋና የውኃ ምንጮች አንዱ እዚያው አቃቂ ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶች መሆናቸውን ሳስብ “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል።

ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤተሰብ የሮቶ ማፍሰስ ቀላል ነገር አይደለም። 70 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የቡና ሲኒ በደቂቃ አንድ ሲኒ ብቻ ቢያፈስ በቀን 100 ሊትር ይሆናል። ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ ማንም ሳይነካው በአሥር ቀን ባዶውን ይቀራል ማለት ነው።

ሕግ የተማርኩ በመሆኔ በዚህ ጉዳይ ከጎረቤቱ የተጋጨ ሰው አልፎ አልፎ ያማክረኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ “ማን ይክፈል?” የሚል ነው። እኔ ደግሞ “መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ ታውቋል ወይ?” እላለሁ። ጥገናውም ኃላፊነቱም የሚወሰነው በዚህ ነውና።

ከየት ያፈሳል?

ማታ የሮቶውን መግቢያም መውጫም ዘግተው የውኃውን ልክ በውጭ በኩል ምልክት ያድርጉበት። ጠዋት ውኃው ከቀነሰ ችግሩ ያለው ከሮቶው ነው። ካልቀነሰ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧና የሽንት ቤቱን ውኃ መልቀቂያ ይፈትሹ። ከዚያም ሮቶውን በጨርቅ አድርቀው በተጠረጠረው ቦታ ላይ ሶፍት ይለጥፉ፤ ቀድሞ የራሰው ቦታውን ይናገራል።

ውኃ በመጣ ሰዓት ብቻ ከላይ የሚፈስ ከሆነ ሮቶው አልተቀደደም። ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሽቷል፤ እሱን መቀየር ይበቃል።

የሚያፈሰው ቧንቧው ከሮቶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሆነ፣ የጎማው ዋሸር ደርቋል ወይም የቧንቧው ክብደት መጋጠሚያውን ጎትቶታል። ውኃውን አጉድሎ ዋሸሩን መቀየር፣ ጥርሱን በቴፍሎን መጠቅለልና ለቧንቧው ከሥሩ ድጋፍ ማድረግ ነው። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

አካሉ ከተሰነጠቀ ነገሩ ይከብዳል። ሮቶ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ማጣበቂያ አይቀበልም። ሱፐር ግሉም ሆነ ሲልከን ጥቂት ቀን ይዞ ይለቃል። የሚያዛልቀው በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በሙቀት መበየድ ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። ከታች ከመቀመጫው የተሰነጠቀውን ግን መለወጥ ይሻላል። አዲሱም እንዳይሰነጠቅ መቀመጫው ይስተካከል። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሰንበት ብሎ መሰንጠቁ አይቀርም። በረንዳ ላይ ሮቶ ለማስቀመጥ ያሰበም መሐንዲስ ያማክር።

ማን ይጠግነዋል?

ሮቶው የግል ከሆነ ጠጋኙ ባለቤቱ ነው። የጋራ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደርና የመጠገን ኃላፊነት የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው።

ውኃው የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ካበላሸስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ ያዛል። ሮቶው እንደሚያፈስ ተነግሮት ዝም ያለ ሰው ጥፋት የለብኝም ማለት ይቸግረዋል። ቁጥር 2077 ደግሞ ጠንከር ይላል፤ የሕንፃ ባለቤት፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ማወቅ ባይችል እንኳ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሮቶ የሕንፃው አካል ነው አይደለም የሚለው ሊያከራክር ቢችልም፣ በዚህ ክርክር ላይ ተማምኖ ጥገናን ማዘግየት ብልህነት አይደለም።

ስለዚህ ተጎጂው ፎቶግራፍ ያንሳ፣ ቀን ያለበት ማስታወቂያ በጽሑፍ ይስጥ፣ የጥገና ደረሰኙን ይያዝ። ተከራይም ማፍሰሱን እንዳየ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የቃል ነገር ሲካካድ ማስረጃ አይገኝለትም። ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ግን የማኅበሩን ኮሚቴ ማነጋገር ይቀድማል። ብዙውን ጊዜ የጠቡ መነሻ አንድ የጎማ ዋሸር ነው፤ የዋሸር ዋጋ ደግሞ ከዳኝነት ክፍያ እጅግ ያነሰ ነው።